ቬሩካ ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ቆዳ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ወረቀቱ ላይ «ቬሩካ ቩልጋሪስ» የሚል ካያችሁ አትደንግጡ። ስሙ ከበሽታው ይከብዳል። እጅና ጣት ላይ የሚወጣው፣ ሁላችንም የምናውቀው ኪንታሮት ነው።

ቃሉ ላቲን ነው። ሮማውያን ኪንታሮትን ቬሩካ ይሉት ነበር። ሌላም ፍቺ ነበረው፦ ጉብታ፣ ወጣ ያለ ሸካራ መሬት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ሽማግሌው ካቶ ድንጋያማ ከፍታን በዚሁ ቃል ጠርቶታል። ከታች ሆኖ የጎሃን ኮረብታ ቀና ብሎ ላየ ጎንደሬ ይህ ማስረዳት አይፈልግም። «ቩልጋሪስ» ደግሞ የተለመደ ማለት ነው። ውስጥ እግር ላይ ሲወጣ «ፕላንታሪስ»፣ ጠፍጣፋ ሲሆን «ፕላና» ይባላል።

ስሙ መልኩንና ቦታውን እንጂ መንስኤውን አይናገርም። መንስኤው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው፤ በንክኪ ይተላለፋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የኛው ቃል ነው። አንዲት እናት ፋርማሲ ገብተው «የኪንታሮት መድኃኒት ስጠኝ ልጄ» ይላሉ። ባለሙያው «የትኛው ኪንታሮት፣ እማማ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የፊንጢጣውንም ኪንታሮት ነው የምንለው፤ እሱ ግን ያበጠ የደም ሥር ነው፣ ከቬሩካ ጋር አይገናኝም። የእጅ ኪንታሮት የሚቀባው ሳሊሲሊክ አሲድ ቆዳ ይልጣል። እዚያ ቦታ ላይ ቢቀባ ያቃጥላል፣ ያቆስላል። አፍሮ ዝም ከማለት የወጣበትን ቦታ በግልጽ መናገር ይሻላል።

ኪንታሮቱን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ትናንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉት። ብዙ ሰው «ሥሩ ነው» ብሎ በምላጭ ሊነቅለው ይታገላል። ሥር አይደለም፤ ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። ቫይረሱ የሚኖረው የላይኛው ቆዳ ላይ ነው። ሲቆርጡት ወደ ጎረቤት ቆዳ ይዛመታል።

የልጆች ኪንታሮት ብዙ ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። አልጠፋ ካለ ሐኪም በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዘዋል። የቁልቋል ወተት የሚቀቡም አሉ፤ ጤነኛውን ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ክፉኛ ይጎዳል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ ከወጣበት ቤት ውስጥ ምንም ሳይሞክር ሐኪም ይየው።