የመኪና ቴፕ ማገናኛ ሶኬት ምንድን ነው?

ማገናኛ ሶኬት በአንድ ወገኑ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የቴፕ ሶኬት የሚቀበል፣ በሌላው ወገኑ ደግሞ ከገበያ ከተገዛው ቴፕ ጋር የሚያያዝ አጭር የሽቦ ጥቅል ነው። ሥራው የመኪናው ኦርጅናል ሽቦ ሳይቆረጥና ሳይላጥ አዲሱ ቴፕ ኤሌክትሪክና ድምፅ ማጉያ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ቴፕ በሚገጠምበት ቀን ባለመኪናው ስለ ስክሪኑ ስፋት፣ ስለ ኋላ ካሜራውና ስለ ብሉቱዙ እንጂ ስለዚህ ሽቦ አይጠይቅም፤ ጥያቄው የሚነሳው ቴፑ ሲወጣ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ኦርጅናሉ ቴፕ የሚቀየርበት አንዱ ምክንያት ሬዲዮ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ የቆየ መኪና የኤፍ ኤም ሬዲዮው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ብቻ ስለሚይዝ፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1ም ሆነ ሸገር 102.1 አይገቡለትም፤ ከፒያሳ ሜክሲኮ በመንገድ መዘጋጋት ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። የተቀየረው ቴፕ የሚወጣው ስክሪኑ አልነካ ሲል፣ ባለመኪናው መኪናውን ሸጦ ቴፑን ለራሱ ማስቀረት ሲፈልግ ወይም ገዢው «ኦርጅናሉ ይመለስልኝ» ሲል ነው።

ገጣሚው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ለመኪናው ሞዴል የተሠራውን ማገናኛ ሶኬት ገዝቶ የአዲሱን ቴፕ ሽቦዎች ከእርሱ ጋር ማያያዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኦርጅናሉን ሶኬት በፒንሳ ቆርጦ ሽቦን ከሽቦ ጋር መጠምዘዝና በናስትሮ መጠቅለል ነው። ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ድምፃቸውም አይለይም። ልዩነቱ የሚታየው ቴፑ ተስቦ ጀርባው ሲገለጥ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የተገጠመው የሶኬቱን መያዣ ጫን አድርጎ በመሳብ ይላቀቃል፤ በሁለተኛው የተገጠመው ግን አቧራና ሙጫ የያዙትን የናስትሮ ጥቅሎች አንድ በአንድ መፍታትን ይጠይቃል።

ቴፑን ከቦታው ማውጣቱ ራሱ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም። በቅድሚያ ሞተሩ ጠፍቶ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ በቴፑ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ በክሊፕ ብቻ የተያዘ ስለሆነ፣ ጠርዙን ከሚያቆስል ካቻቢቴ ይልቅ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ቢነሳ ይመረጣል፤ ከዚያ ቴፑን በግራና በቀኝ ከያዙት ብረቶች ጋር ያሰሩት ብሎኖች ይፈታሉ። መግቢያው 182 በ53 ሚሊሜትር የሆነው ባለአንድ ረድፉ ቴፕ ግን ብዙውን ጊዜ በቀጭን የብረት ማቀፊያ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ በሁለቱ ጎኖቹ ስስ የማውጫ ብረቶች ገብተው ይሳባል። ከኋላው የአንቴና ገመድ ስላለ በኃይል አይጎተትም።

ሽቦዎቹ ጋ ሲደረስ መቸኮል አያዋጣም። ከገበያ በሚገዙ ቴፖች ላይ በተለመደው አሠራር ቢጫው ቁልፍ ጠፍቶም ከባትሪው የማይቋረጠውን 12 ቮልት ይቀበላል፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣውን ይቀበላል፣ ጥቁሩ መካኒኮች ማሳ የሚሉት፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ ነው፤ ነጭ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ጥንዶች ደግሞ ወደ አራቱ ድምፅ ማጉያዎች ይሄዳሉ። የመኪናው የራሱ ሽቦ በዚህ የቀለም ሥርዓት አይመራም። በብዙ ቶዮታዎች ባለ 10 እግሩ ሶኬት ላይ የማይቋረጠው 12 ቮልት ቢጫ መስመር ባለው ሰማያዊ ሽቦ፣ በቁልፍ የሚመጣው በግራጫ፣ ማሳው በቡናማ ይመጣል፤ የኋላ ድምፅ ማጉያዎቹ ለብቻቸው በባለ 6 እግሩ ሶኬት ያልፋሉ። እንግዲህ ግራጫን ከግራጫ ያገናኘ ሰው የባትሪውን 12 ቮልት የቀኝ ፊት ድምፅ ማጉያ በሚነዳው የቴፑ መውጫ ላይ ለቀቀበት ማለት ነው፤ ቴፑ በዚሁ ሊቃጠል ይችላል። ማገናኛ ሶኬቱ ይህን ሁሉ ማዛመድ አስቀድሞ ስለጨረሰ ነው ዋጋውን የሚያወጣው።

ሶኬቱ ተቆርጦ ከተገኘ እያንዳንዱ ሽቦ ከመለያየቱ በፊት ፎቶ ሊነሳና ምልክት ሊደረግበት፣ ከተለያየ በኋላም ጫፉ ወዲያውኑ በናስትሮ ሊዘጋ ይገባል። ባትሪው ተመልሶ ሲታሰር የማይቋረጠው ሽቦ እርቃኑን ብረት ቢነካ ፊውዙ ይቃጠላል፤ በበርካታ ቶዮታዎች ይህ ፊውዝ የጣሪያ መብራቱንም ስለሚያገለግል፣ ባለመኪናው ቴፕ አስወጥቶ ሲመለስ መብራቱ መጥፋቱን አይቶ ሌላ ብልሽት ይፈልጋል። የድምፅ ማጉያዎቹ ኔጌቲቭ ማሳ አለመሆኑም ብዙ ጊዜ ይረሳል። የዛሬዎቹ ቴፖች ሁለቱንም የድምፅ ማጉያ ሽቦዎች ስለሚነዱ፣ አንዱን ከመኪናው አካል ጋር ማሰር የቴፑን ማጉያ ክፍል ይጎዳል። ኦርጅናሉን መመለስ ለሚፈልግ ደግሞ ሶማሌ ተራ ወርዶ ከተፈታ ተመሳሳይ መኪና ላይ የወጣ፣ ሽቦው ረዘም ተደርጎ የተቆረጠ ሶኬት መፈለግና በቴስተር እየተለካ በሊድ ማስበየድ፣ ያረጀውን ቋጠሮ እንደገና ከመጠምዘዝ እጅግ ይሻላል።

የጃፓኑ ኦርጅናል ቴፕ ሲመለስ የሬዲዮው ችግርም አብሮ ይመለሳል። ለዚህ መፍትሔው በአንቴናው ገመድ መካከል የሚገባ፣ የጣቢያውን ሞገድ ዝቅ የሚያደርግ አነስተኛ ሣጥን ነው፤ ለምሳሌ 16 ሜጋኸርዝ የሚቀንስ ከሆነ ሸገር በ86.1 ላይ ይሰማል። ሣጥኑ የራሱን 12 ቮልት ስለሚፈልግ ሽቦው በቁልፍ ከሚመጣው መስመር ጋር ይያያዛል፤ ከማይቋረጠው ጋር ከተያያዘ ግን መኪናው ቆሞም ባትሪውን ቀስ በቀስ ይጨርሳል።