ተጫዋች አሳድጎ መሸጥ ምንድን ነው?

አንድ ትንሽ ክለብ ምርጥ ተጫዋቹን ሲሸጥ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ደመወዝ መክፈል አቅቶት ወይም ወደ ታችኛው ሊግ ወርዶ ያለውን ለመጣለት ገዢ እየሰጠ ነው። ወይ ደግሞ ልጁን ካስፈረመበት ቀን ጀምሮ መቼ እንደሚሸጠው፣ ምን ዓይነት ክለብ እንደሚፈልገው፣ ቦታውን ማን እንደሚይዝ ሲያስብበት ኖሯል። አሳድጎ መሸጥ የሚባለው ሁለተኛው ነው፦ ከትኬት፣ ከስፖንሰርና ከቴሌቪዥን የሚገባው ገንዘብ ወጪውን የማይሸፍንለት ክለብ ጉድለቱን በዝውውር ትርፍ ለመሙላት አቅዶ የሚሠራበት መንገድ።

ከውጭ ሲታይ ሁሉም ነገር የመልማይ ዓይን ይመስላል። ጥሩ መልማይ ማስፈለጉ አያከራክርም፤ ግን ጎበዝ ልጅ አግኝተው፣ አሳድገውም፣ ሳንቲም ሳያገኙበት የቀሩ ክለቦች ብዙ ናቸው። ገንዘቡ የሚገኘውም የሚያመልጠውም በአብዛኛው ውል ላይ ነው።

ልጁ ከየት ይመጣል?

ዋናዎቹ ምንጮች ሁለት ናቸው፤ የራስ አካዳሚ ወይም በርካሽ መግዛት። በሂሳብ መዝገብ ላይ አንድ አይደሉም። ክለቡ በ1 ሚሊዮን ዩሮ ገዝቶ በአራት ዓመት ውል ያስፈረመውን ተጫዋች በየዓመቱ 250 ሺህ እያደረገ በወጪነት ይመዘግበዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ3 ሚሊዮን ቢሸጠው በመዝገብ የቀረው ዋጋ 500 ሺህ ስለሆነ ትርፉ 2.5 ሚሊዮን ነው። ከአካዳሚ የወጣ ልጅ ግን የግዢ ዋጋ ስለሌለው የተሸጠበት በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይገባል። የፋይናንስ ደንብ ሲጠብቅባቸው ትላልቆቹ ክለቦች ሳይቀሩ የራሳቸውን ልጆች ቀድመው ለገበያ የሚያወጡት ለዚህ ነው። ይህ ሲባል አካዳሚ ወጪ የለውም ማለት አይደለም። አሠልጣኙ፣ ሜዳው፣ ሕክምናው፣ ምግቡና ትራንስፖርቱ በየዓመቱ ይከፈላል፤ ከአንድ የዕድሜ ቡድን አንድም ልጅ ለዋናው ቡድን ሳይደርስ የሚያልፍበት ዓመትም አለ።

የለንደኑ ብሬንትፎርድ በ2016 አካዳሚውን ዘጋ። ያሠለጠናቸውን ታዳጊዎች ትላልቅ ክለቦች በጥቂት ካሳ ይወስዱበት ስለነበር ልፋቱ አላዋጣውም። በምትኩ ከሌሎች ክለቦች የተቀነሱ ወጣቶችን የሚሰበስብ ሁለተኛ ቡድን አቋቋመ፤ ለዋናው ቡድን ደግሞ ገበያው ገና ያላወቃቸውን በዳታ እያጣራ መግዛት ያዘ። ኦሊ ዋትኪንስን በ2017 ከኤክሰተር ሲቲ የወሰደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ በማይሞላ ዋጋ እንደነበር ተዘግቧል። በ2020 ለአስቶን ቪላ የሸጠው በ28 ሚሊዮን ሲሆን፣ ልጁ ሲሳካለት የሚከፈሉት ጭማሪዎች ወደ 33 ሚሊዮን ሊያደርሱት ይችሉ ነበር። ክለቡ አጥቂዎቹን በየጊዜው እየሸጠ በ2021 ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ።

ኤክሰተርም ባዶ እጁን አልቀረም። ባለቤቶቹ ደጋፊዎቹ የሆኑት ይህ ክለብ ዋትኪንስን ከልጅነቱ ያሳደገው ራሱ ነው። ሲሸጠው ከሚቀጥለው ዝውውር ድርሻ እንዲኖረው በውሉ አስገብቶ ስለነበር ልጁ ከሄደ ከሦስት ዓመት በኋላም ሚሊዮኖች ገቡለት።

ሌላም መንገድ አለ። በፊፋ ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ወደ ውጭ አገር ክለብ መዛወር አይችልም፤ ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ16 ጀምሮ ይፈቀዳል። ከአውሮፓ ውጭ ያለ አካዳሚ ስለዚህ ልጁን እስከ 18 ማቆየት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ልጁ ለገዢ የሚታይበት ሊግ ያስፈልገዋል። በ1999 ጋና ውስጥ የተመሠረተው ራይት ቱ ድሪም አካዳሚ የዴንማርኩን ኖርሼላንድ በ2015 መጨረሻ የያዘው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። መሐመድ ኩዱስ በ2018 ከአካዳሚው ወደ ኖርሼላንድ ሄደ፤ በ2020 አያክስ በ9 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወሰደው። በሴኔጋል ጄኔራሲዮን ፉት ከፈረንሳዩ ሜትስ ጋር በባለቤትነት ሳይሆን በስምምነት ተመሳሳይ መስመር ዘርግቷል፤ ሳዲዮ ማኔ የወጣው በዚያ በኩል ነው።

ዋጋ የሚያወጣው የተጫወተበት ደቂቃ ነው

በልምምድ ላይ ድንቅ የሆነ የ19 ዓመት ልጅ ገበያ ላይ ዋጋ የለውም። ገዢ የሚፈልገው ቢያንስ የአንድ የውድድር ዘመን ጨዋታ፣ በቋሚ አሰላለፍ፣ በራሱ ቦታ የተጫወተበትን ነው። እዚህ ላይ የክለቡ ጥቅምና የአሠልጣኙ ጥቅም ይጋጫል። አሠልጣኝ የሚባረረው በቅዳሜው ውጤት ስለሆነ ከ19 ዓመቱ ልጅ ይልቅ የ31 ዓመቱን ልምድ ያለው ተጫዋች ቢያሰልፍ አይፈረድበትም። ስለዚህ ይህን መንገድ በቁም ነገር የያዙ ክለቦች የተጫዋች ቅጥሩን ለስፖርት ዳይሬክተር ይሰጣሉ፤ አሠልጣኙን የሚመርጡት ክለቡ በያዘው አጨዋወት ነው፤ ለወጣቶች የሚሰጠውን ደቂቃም በአሠልጣኙ ውል ውስጥ እንደ አንድ መመዘኛ ያስገባሉ። ብሬንትፎርድ በ2018 ዲን ስሚዝ ወደ አስቶን ቪላ ሲሄድ ከውጭ ሰው አልፈለገም፤ ምክትሉን ቶማስ ፍራንክን አሳደገ።

ልጁ ደቂቃ እንዲያገኝ ለሌላ ክለብ በውሰት ሲሰጥ ሁለት ነገር ይታያል። የመጀመሪያው ተዋሹ ክለብ ልጁን ካላሰለፈው ክፍያው ከፍ፣ ካሰለፈው ዝቅ እንዲል አድርጎ መዋዋል ነው። ሁለተኛው ገደቡ ነው፤ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አንድ ክለብ በዓለም አቀፍ ውሰት በአንድ ጊዜ ከ6 በላይ ተጫዋች መላክ አይችልም። ዕድሜያቸው 21 ወይም ከዚያ በታች የሆኑ በክለቡ የሠለጠኑ ልጆች ግን ከቁጥሩ ውጭ ናቸው።

ውሉ ሲያጥር

ለ18 ዓመት እና ከዚያ በላይ የሚፈቀደው ረጅሙ ውል በመደበኛው የፊፋ ደንብ 5 ዓመት፣ ከ18 በታች ለሆነ ደግሞ 3 ዓመት ነው። ውሉ 6 ወር ሲቀረው ተጫዋቹ ከፈለገው ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል፤ ውሉ ካለቀ የዝውውር ዋጋ የለም። በታኅሣሥ 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በተጫዋቹ ቦስማን ክስ ላይ ፍርድ ከሰጠ ወዲህ ውሉ ያለቀ ተጫዋች መሸጫ ዋጋ አያወጣም። በተግባር አደጋው የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው፤ አንድ ዓመት የቀረውን ተጫዋች ገዢው «ብጠብቅ በነጻ አገኘዋለሁ» ብሎ ያስባል። ስለዚህ ጥሩ ሕግ ይህ ነው፤ ሁለት ዓመት ሲቀረው ወይ ያድሳል ወይ በሚቀጥለው የዝውውር መስኮት ይሸጣል። ለማደስ ደመወዙን ከቡድኑ እርከን በላይ ማውጣት ካስፈለገ መሸጡ ይሻላል፤ የአንዱ ደመወዝ ከፍ ሲል የሌሎቹ ወኪሎች በማግስቱ ይደውላሉ።

የሽያጭ ውሉ ራሱ ደግሞ ከዜናው ቁጥር የበለጠ ማንበብ ይፈልጋል። «በ2 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ» ሲባል ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። በጀቱን በዜናው ቁጥር የሠራ ክለብ በሁለተኛው ዓመት ደመወዝ ያጥረዋል። ቀሪውን ክፍያ ለባንክ አስተላልፎ አሁኑኑ መቀበል ይቻላል፤ ባንኩ ግን ድርሻውን ቆርጦ ነው።

ጭማሪ ክፍያዎች ሊደረስባቸው የሚችሉ መሆን አለባቸው። «ሻምፒዮንስ ሊግ ካሸነፈ» የሚል ጭማሪ ለዜና ያምራል፤ «20 ጨዋታ ከተሰለፈ» የሚለው ግን ይከፈላል።

ትልቁ ነገር የቀጣይ ሽያጭ ድርሻ ነው። 20 በመቶ ከምን? ልጁ በ2 ሚሊዮን ሄዶ በኋላ በ20 ሚሊዮን ቢሸጥ ድርሻው ከጠቅላላው ከሆነ 4 ሚሊዮን፣ ከትርፉ ብቻ ከሆነ ከ18 ሚሊዮኑ ታስቦ 3.6 ሚሊዮን ነው። ገዢው ልጁን ከሌላ ተጫዋች ጋር ቢለዋውጠው ዋጋው እንዴት እንደሚተመን፣ ጭማሪዎቹና የውሰት ክፍያውም በድርሻው ውስጥ መቆጠራቸው መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ክርክር ነው። በጥሬ ገንዘብ የተቸገረ ክለብ ይህን ድርሻ ከጥቂት ወራት በኋላ ለገዢው መልሶ በትንሽ ዋጋ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው፤ በእኛ ግምት ትንሽ ክለብ ከሚሠራቸው ስህተቶች ውዱ ይኸ ነው። ድርሻውን ለባለሀብት መሸጥ ደግሞ ከግንቦት 2015 ጀምሮ በፊፋ የተከለከለ ነው።

መልሶ የመግዛት መብትም ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ክለብ ወጣቱን በርካሽ ሲሰጥ በተወሰነ ዋጋ መልሶ የመውሰድ መብት ካስቀረ፣ ልጁ ሲያብብ ትርፉ ጣሪያ ተበጅቶለታል። ተጫዋቹ ካልተሳካለት ግን ኪሳራው የትንሹ ክለብ ብቻ ነው።

ያለ ድርድር የሚመጡ ሁለት ክፍያዎች

የሶሊዳሪቲ ክፍያ ተጫዋቹ ውሉ ሳያልቅ በዋጋ ወደ ሌላ አገር ክለብ በተዛወረ ቁጥር ከዋጋው 5 በመቶ ተቀንሶ ላሳደጉት ክለቦች የሚከፋፈል ነው። 12ኛ እስከ 15ኛ ልደቱን ያከበረባቸው አራት የውድድር ዘመናት እያንዳንዳቸው ከዝውውር ዋጋው 0.25 በመቶ፣ ከ16ኛ እስከ 23ኛ ያሉት ስምንቱ እያንዳንዳቸው 0.5 በመቶ ያስገኛሉ። ልጁን 13ኛ ልደቱን ካከበረበት ዘመን እስከ 19ኛው ያቆየ ክለብ ሦስት ጊዜ 0.25 እና አራት ጊዜ 0.5፣ በድምሩ 2.75 በመቶ አለው፤ ከ20 ሚሊዮን ዩሮ ዝውውር 550 ሺህ ማለት ነው። የቀጣይ ሽያጭ ድርሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ሲያበቃ ይህኛው ተጫዋቹ በተዛወረ ቁጥር ይመለሳል። ከሐምሌ 2020 ጀምሮ በአንድ አገር ክለቦች መካከል ለሚደረግ ዝውውርም ያሳደገው ክለብ የሌላ አገር ከሆነ ይከፈላል።

የሥልጠና ካሳ ሌላ ነው። የሚከፈለው ተጫዋቹ የመጀመሪያ የባለሙያ ውሉን ሲፈርም፣ ከዚያም 23 ዓመት እስከሚሞላበት ዓመት ድረስ በውሉ ጊዜም ሆነ ውሉ አልቆ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲሄድ ነው። ስሌቱ የገዢውን ክለብ ደረጃ ይከተላል፤ በአውሮፓ ለአንድ የሥልጠና ዓመት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ደረጃ እንደየቅደም ተከተሉ 90 ሺህ፣ 60 ሺህ ወይም 30 ሺህ ዩሮ፤ ከ12 እስከ 15 ላሉት ዓመታት ግን የአራተኛው ደረጃ 10 ሺህ ይታሰባል። ተቀባዩ ክለብ አራተኛ ደረጃ ከሆነ ካሳ የለም። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ደግሞ መብቱን ለመጠበቅ ክለቡ ውሉ ከማለቁ ቢያንስ 60 ቀን ቀድሞ ከነባሩ ያላነሰ አዲስ ውል በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። ብዙዎች ካሳቸውን የሚያጡት በዚህች ደብዳቤ ነው።

ከኅዳር 2022 ጀምሮ ሁለቱም ክፍያዎች የሚያልፉት ክፍያውን ተቀብሎ በሚያከፋፍለው፣ ፓሪስ ባለው የፊፋ ክሊሪንግ ሃውስ በኩል ሲሆን መነሻው ተጫዋቹ መቼ በየትኛው ክለብ እንደተመዘገበ የሚያሳየው የኤሌክትሮኒክ የተጫዋች ፓስፖርት ነው። በፌዴሬሽኑ ሲስተም ያልተመዘገበ የታዳጊነት ዓመት ለፊፋ እንደሌለ ይቆጠራል። የ13 ዓመት ልጅ የምዝገባ ቅጽ በመሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ከአሥር ዓመት በኋላ ብዙ ሺህ ዩሮ ሲያሳጣ ይታያል።

ሽያጩ ከተሳካ በኋላ የሚበላሸው

የእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን በ2014 ክረምት ላላናን፣ ሾውን፣ ሎቭረንን፣ ቻምበርስንና ላምበርትን ሸጦ ማኔን፣ ታዲችንና ፔሌን አመጣ፤ ሰው ሁሉ ይወርዳል ሲለው በአሠልጣኝ ሮናልድ ኩማን ሰባተኛ፣ በቀጣዩ ዓመት ስድስተኛ ሆነ። ተተኪዎቹ ቀድመው ተጠንተው ስለነበር ነው። በጥር 2018 ግን ቨርጂል ቫን ዳይክን ለሊቨርፑል በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ ክለቡ በሊጉ የታችኛው አጋማሽ ነበር። በዚያው ወር በ19 ሚሊዮን ገደማ የገዛው አጥቂ ጊዶ ካሪዮ አንድም ጎል አላስቆጠረም፤ ቡድኑ 17ኛ ሆኖ ለጥቂት ተረፈ፤ በ2023 ወረደ።

ትልቅ ሽያጭ ያደረገ ክለብ በማግስቱ ተተኪ ፍለጋ ሲወጣ ሻጩ ሁሉ ኪሱን ያውቃል። ዋጋው ይወደዳል፤ መስኮቱም ሊዘጋ ነው። ገንዘቡ ለቋሚ ደመወዝ ከዋለ ደግሞ አንድ ጊዜ በመጣ ገቢ በየወሩ የሚወጣ ወጪ ተተከለ ማለት ነው። ስለዚህ ተተኪው ከሽያጩ ቢያንስ አንድ መስኮት ቀድሞ ይገዛል ወይም ከአካዳሚ ይወጣል፤ ስድስት ወር ሊሸጥ ካለው ጋር አብሮ ይሠለጥናል፤ በተቀያሪነት እየገባ ይለምዳል። ለእነዚያ ወራት ለአንድ ቦታ ሁለት ደመወዝ ይከፈላል፤ ያ ወጪ ከመጀመሪያው በሚሸጠው ተጫዋች ዋጋ ላይ ይታሰባል።