የሪሞት ዴስክቶፕ ፈቃድ፦ በሰው ነው በኮምፒውተር?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩን አንድ ሰርቨር ላይ ጭኖ ሠራተኞቹን በሪሞት ዴስክቶፕ (በራሳቸው ኮምፒውተር ሆነው ሰርቨሩ ላይ በኔትወርክ በሚሠሩበት መንገድ) የሚያስገባ ድርጅት የሚጠይቀው አንድ ነው። «ዊንዶውስ ሰርቨሩን ገዝተናል፤ ደግሞ የምን ፈቃድ ነው?»

ሰርቨሩ ያለ ሪሞት ዴስክቶፕ ፈቃድ በአንድ ጊዜ 2 ሰው ያስገባል። እሱም ሰርቨሩን ለማስተዳደር እንጂ ለዕለት ሥራ አይደለም። ለሠራተኞች የሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎት ይጫናል፤ ያለ ፈቃድ የሚሠራበት የ120 ቀን እፎይታም አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ እፎይታ ነው። ሁሉም ነገር ስለሚሠራ ሰው ይዘናጋል። ቀኑ ሲያልቅ ሰርቨሩ ሠራተኞቹን አላስገባም ይላል፤ ሥራ ይቆማል።

ፈቃዱ በተጠቃሚ ወይም በመሣሪያ ይገዛል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ 3 ፈረቃ ሠራተኛ በአንድ ኮምፒውተር የሚፈራረቅ ከሆነ፣ በመሣሪያ ሲሆን 1 ፈቃድ ይበቃል። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከቢሮም፣ ከቤትም፣ ከላፕቶፕም የምትገባ ከሆነ ግን በተጠቃሚ ይሻላል። ለዚህኛው አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የድርጅቱን ተጠቃሚዎች በአንድ ቦታ የሚያስተዳድረው የዊንዶውስ ሰርቨር አገልግሎት) መኖር አለበት።

ዊንዶውስ ሰርቨርን ለመጠቀም የሚያስፈልገው ተራው ፈቃድም (CAL) ለብቻው ይገዛል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ደግሞ ስሪቱን ሳያዩ እንዳይከፍሉ! የ2019 ፈቃድ ለ2022 ሰርቨር አይሆንም፤ የ2022ቱ ግን ለ2019 ይሆናል።