ሉክስ ምንድን ነው? የፎቶግራፍ ጋለሪ መብራቱን ለምን ይቀንሳል?

ፎቶግራፍ በክብር ወደሚያዝበት ጋለሪ፣ በተለይም ዩኒቨርሲቲዎች ወደሚያስተዳድሯቸው አዳራሾች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው ደጃፉ ላይ ቆም ይላል። ውጭ ቀትር ነው፤ ውስጥ ግን የመሸ ይመስላል። አምፖል የተቃጠለ ወይም መብራት የተቆጠበ የሚመስለው ብዙ ነው። ሁለቱም አይደለም። ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን በመሣሪያ ተለክቶና በቁጥር ተወስኖ ነው እንዲህ የሆነው። የዚያ ቁጥር መስፈሪያ ሉክስ ይባላል።

ሉክስ አምፖሉ የሚሰጠውን ብርሃን አይለካም፤ የሚለካው ዕቃው ላይ የደረሰውን ነው። ያው አምፖል ሲርቅ ፎቶው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ይሳሳል፤ ሲቀርብ ይበረታል። በጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ሻማ ለኩሳችሁ ወረቀት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ብትይዙ፣ ወረቀቱ የሚያገኘው አንድ ሉክስ ገደማ ነው። ወደ ግማሽ ሜትር ብታስጠጉት ሁለት ሳይሆን አራት ሉክስ ይሆናል፤ ርቀቱ በግማሽ ባጠረ ቁጥር ብርሃኑ አራት እጥፍ ይጨምራልና። በደንብ የበራ የቢሮ ጠረጴዛ 500 ሉክስ ያህል ያገኛል። ሰማዩ በጠራ ቀን የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ትደርሳለች። ጋለሪዎች ለቀለም ፎቶግራፍና ለ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች የሚፈቅዱት የተለመደው መጠን ደግሞ 50 ሉክስ ነው።

ከ100,000 ወደ 50። ዓይናችን ደጃፉ ላይ የሚደናገረው ለዚህ ነው።

ምክንያቱን እናቶቻችን ያውቁታል። ልብስ አጥበው ሲያሰጡ ገልብጠው ነው፤ ባለጥለት ቀሚስ ከሆነ ጥላ ይፈልጉለታል። «ፀሐይ በላው» የምንለው ነገር ለአባባል ያህል ብቻ አይደለም፤ ብርሃን በእርግጥ ይበላል። ቀለም ብርሃን ሲያርፍበት ጉልበቱን ይውጣል፤ ያ ጉልበት ውሎ አድሮ የቀለሙን ሞለኪውል ይበጥሰዋል፤ የተበጠሰው ደግሞ ቀለም መሆኑ ያበቃል። የፀጉር ቤት መስኮት ላይ ለዓመታት የተለጠፉትን ፖስተሮች አስተውሉ። ፊቱም ከንፈሩም ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፤ ቀዩና ቢጫው ቀለም ቶሎ ስለሚበላ፣ ሰማያዊውና ጥቁሩ ግን ስለሚቆይ ነው። የወየበ ልብስ ተነክሮ ይታደስ ይሆናል። የወየበ ፎቶግራፍ ግን መመለሻ የለውም፤ የትኛውም ባለሙያ የጠፋውን ቀለም ወደ ወረቀቱ አይመልሰውም።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ጉዳቱን የሚወስነው የብርሃኑ ብርታት ብቻ ሳይሆን ቆይታውም ጭምር ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ሉክሱን በሰዓት አባዝተው ይይዙታል፤ ሉክስ-ሰዓት ይሉታል። አንድ ፎቶግራፍ በ50 ሉክስ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ ለ90 ቀናት ቢሰቀል ድምሩ 36,000 ሉክስ-ሰዓት ነው። የቀትር ፀሐይ ይህንን ያህል ብርሃን ለማውረድ ስንት ጊዜ የሚበቃት ይመስላችኋል? 22 ደቂቃ ገደማ። ሦስት ወር ሙሉ ሕዝብ ያየው ዐውደ ርእይ ያደረሰበትን ብርሃን፣ ያው ፎቶግራፍ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቢረሳ፣ ቡናው ተቆልቶ አቦል እስኪቀዳ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠጣዋል። የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ገና አልተቆጠረም፤ ጋለሪ ያንን በመስታወትና በማጣሪያ ያስቀረዋል፤ ግቢ ውስጥ የሚያስቀረው የለም።

ሳሎናችን ውስጥስ? መስኮት ፊት ለፊት የተሰቀለ የቤተሰብ ፎቶ በቀን ለ10 ሰዓት በአማካይ 1,000 ሉክስ ቢያገኝ፣ በዓመት 3,650,000 ሉክስ-ሰዓት ይሆናል። ይህ የ100 ዐውደ ርእዮች ድምር ነው። አንድ ጋለሪ ያንን ፎቶ በየአምስት ዓመቱ አንድ ጊዜ ለሦስት ወር ብቻ ቢያወጣው፣ የ500 ዓመት ድርሻው በአንድ ዓመት አለቀ ማለት ነው። ይህንን ስሌት መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ተነሥቼ የወላጆቼን የሠርግ ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩት። ከክፈፉ ባወጣሁት ጊዜ፣ በእንጨቱ ጠርዝ ተሸፍኖ የቆየው ጣት የማይሞላ ስፋት የመጀመሪያ ቀለሙን እንደያዘ ነበር። የእናቴ ቀሚስ ጥለት ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ያወቅሁት ከዚያች ጠርዝ ነው።

ሁሉም ፎቶግራፍ ግን እኩል አይጎዳም፤ የሉክስ ነገር የሚጥመውም እዚህ ላይ ነው። ፎቶግራፍ ራሱ የብርሃን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1802 የእንግሊዛዊው ቶማስ ዌጅዉድ ሙከራ ለሕዝብ ሲገለጽ፣ ሰውዬው በብር ኬሚካል በተነከረ ወረቀትና ነጭ ቆዳ ላይ ምስል ማሳረፍ ችሎ ነበር፤ ያረፈውን ማጽናት ግን አልቻለም። የቀን ብርሃን ካገኘው ምስሉ ጠቁሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ በጥላ ወይም በሻማ ብርሃን ብቻ ይታይ ነበር። የዛሬው ደብዛዛ አዳራሽ ሥሩ እዚያ ድረስ ይወርዳል ብል አላጋነንኩም። ከዚያ በኋላ ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ምስሉን በጨው ውሃ ለማስታገሥ ቻለ፤ አስታገሠው እንጂ አላጸናውም። ከእነዚያ የ1830ዎቹ ወረቀቶች አንዳንዶቹ ዛሬም ለብርሃን ንቁ ናቸው። አውጥታችሁ ብትሰቅሏቸው ከ180 ዓመት በፊት የተቋረጠው ሥራ ይቀጥላል፤ ምስሉም ይሄዳል። ስለዚህ ከነጭራሹ ለዕይታ የማይቀርቡ አሉ።

ሳይኖታይፕ የሚባለው፣ ጆን ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1842 የፈለሰፈው ሰማያዊ ፎቶግራፍ፣ የተለየ ጠባይ አለው። አና አትኪንስ በ1843 የባሕር አረሞችን ምስል ማውጣት የጀመረችው በዚሁ ዘዴ ነው። ሳይኖታይፕ ብርሃን ሲበዛበት ይገረጣል፤ ጨለማ ውስጥ አየር እያገኘ ሲያርፍ ግን ከሰማያዊነቱ ብዙውን ይመልሳል። ከዕይታ በኋላ ዕረፍት የሚባለው ነገር ለሌላው ፎቶግራፍ ቁጠባ ብቻ ነው፤ ለሳይኖታይፕ ግን እውነተኛ ማገገሚያ ነው። ሰዎች ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም።

በጥንቃቄ የታጠበ የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ደግሞ ምስሉ የተሠራው ከብር ቅንጣት ነው። ብር ቀለም አይደለም፤ ብርሃን ብዙ አይጎዳውም። እርጥበትና የተበከለ አየር የበለጠ ይጎዱታል። የቀለም ፎቶግራፍ በተቃራኒው ብርሃንም ሙቀትም ይጎዳዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታተሙ ፎቶዎች አልበም ውስጥ ተዘግተው እንኳ ወደ ቀይ የሚያደሉት ሙቀቱ ሰማያዊውን ቀለም ስለሚበላው ነው። ትልልቅ ተቋማት የቀለም ፎቶ የሚያስቀምጡት በቀዝቃዛ ክፍል የሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ 50 ሉክስን ለሁሉም እንደ ሕግ መጫን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። አንሰል አዳምስን የመሰለ አሜሪካዊ የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አንሺ በምስሉ ጥላ ውስጥ የደበቀውን ዝርዝር 50 ሉክስ አያሳየውም፤ ጥቁሩ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሥራ 100 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ብርሃን መፍቀድ ጉዳቱ ጥቂት፣ ትርፉ ብዙ ነው። የተመልካቹም ዕድሜ ይታሰብ። የ60 ዓመት ዓይን ለማየት ከ20 ዓመቱ በጣም የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል፤ አዛውንቶችን ደብዛዛ አዳራሽ አስገብቶ «ይዩ» ማለት በቂ አይደለም።

የዩኒቨርሲቲ ጋለሪ ይህንን ችግር ከሌላው በተሻለ የሚፈታበት መንገድ አለው። አሜሪካ ውስጥ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ያለውን የፈጠራ ፎቶግራፍ ማዕከል እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1975 አንሰል አዳምስና የወቅቱ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጆን ሼፈር ያቋቋሙት ነው፤ ከተማው ቱሳን በረሃ ነው፣ ፀሐይ አይጠፋበትም። የአዳምስ፣ የኤድዋርድ ዌስተን፣ የሃሪ ካላሃን፣ የጋሪ ዊኖግራንድና የሌሎችም ማኅደር እዚያ ይገኛል። ግድግዳው ላይ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከዚያ ሁሉ እጅግ ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ሣጥን ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ተቋም የተቋቋመው ለማስተማር ስለሆነ፣ ተማሪና ተመራማሪ አስቀድሞ ቀጠሮ ይዞ የሚፈልገው ፎቶግራፍ ከሣጥኑ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀርብለታል። ለአንድ ሰዓት በጥሩ ብርሃን አይቶት ይመለሳል። በሉክስ-ሰዓት ብታሰሉት 500 ሉክስ ለአንድ ሰዓት 500 ብቻ ነው፤ ከሦስት ወሩ ዐውደ ርእይ ሰባ እጅ ያነሰ። ለእኔ ከማንኛውም ግድግዳ ይልቅ ፎቶግራፍ በትክክል የሚታየው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሌላው ዘዴ መጋረጃ ነው። አንዳንድ ሙዚየም በጣም የሚፈራለትን ፎቶ በጨርቅ ይሸፍነውና ተመልካቹ ገልጦ አይቶ ይመልሰዋል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጣና ገዳማት የመቅደሱን ሥዕል ለማየት የሄደ ሰው፣ መጋረጃው ሲገለጥለት አይቶ ሲመለስ ደግሞ እንደሚሸፈን ያውቃል። መጋረጃው የተሰቀለው ለክብር ነው፤ ብርሃኑንም አብሮ ከልክሏል።

ብርሃኑ እየበላ መሆኑን ጋለሪዎች የሚያውቁበት መላም አላቸው። ስምንት ሰማያዊ የሱፍ ቁራጮች ያሉበት ካርድ ነው፤ የመጀመሪያው ቶሎ ይወይባል፣ ቀጣዮቹ እየጠነከሩ ይሄዳሉ። የካርዱ ግማሽ ተሸፍኖ ፎቶው አጠገብ ይቀመጣል። ከወራት በኋላ ሽፋኑ ሲነሣ የትኛው ሱፍ እንደገረጣ ታይቶ ምን ያህል ብርሃን እንደወረደ ይገመታል። ቤት ውስጥም ባለቀለም ወረቀት ግማሹን በካርቶን ሸፍኖ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጥቂት ወራት መለጠፍ ይቻላል።

ሉክስን ራሱን ለመለካት የስልክ መተግበሪያ አለ። ስልኩን ፎቶው የተሰቀለበት ቦታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ክፍሉ አድርጋችሁ ያዙት። ቁጥሩ እንደ ባለሙያ መሣሪያ ትክክል ባይሆንም፣ መስኮት ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳና ኮሪደሩን ለማነጻጸር ይበቃል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች አልትራቫዮሌቱ ይበረታል፤ የቀጥታ ፀሐይ የሚገባበትን ግድግዳ ለመስታወትና ለሰዓት ተዉለት።

የወላጆቼን ፎቶ አስቃኝቼ ቅጂው በቦታው ተሰቅሏል፤ እሱ ቢወይብ ሌላ ይታተማል። ዋናው ወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። በእንቁጣጣሽና በፋሲካ አውጥተን ጠረጴዛው ላይ እናኖረዋለን። እናቴ ጠርዙን በጣቷ ሳትነካ እያመለከተች ጥለቱን ለልጆቹ ታሳያለች፤ ቡናው ሲያልቅ ይመለሳል።