የጸሐፊ ዘመን በረጅም ዕድሜ ኮሚክ፦ ክሪስ ክሌርሞንትና የኤክስ-ሜን ገጸ ባሕርያት

በአሜሪካ የልዕለ ኃያላን ኮሚክ የጸሐፊ ዘመን የሚባለው አንድ ጸሐፊ አንድን ወርኃዊ ኮሚክ ከተረከበበት ቁጥር አንሥቶ ለሌላው እስኪያስረክብ ያለው ጊዜ ነው። ኮሚኩ ከእሱ በፊት ነበረ፣ ከእሱም በኋላ ይቀጥላል። ገጸ ባሕርያቱ የአሳታሚው ኩባንያ ናቸው፤ ጸሐፊው ራሱ የፈጠራቸውም ሳይቀሩ። ጸሐፊው እንግዲህ በሰው ርስት ላይ የሚያርስ ጭሰኛን ይመስላል፦ ዘሩን ይመርጣል፣ አረሙን ይነቅላል፣ መሬቱን ግን ለልጁ አያወርስም።

የዚህ ሥራ ጥበቡም ሕመሙም ጎልቶ የሚታየው ክሪስ ክሌርሞንት በማርቭል ኩባንያ «ኤክስ-ሜን» ላይ ባሳለፋቸው 16 ዓመታት ነው፤ ኮሚኩ ልዩ ኃይል ይዘው ስለተወለዱ ጀግኖች ቡድን ይተርካል። ከቁጥር 94 (1975) እስከ ቁጥር 279 (1991) ድረስ የኮሚኩ ዋና ጸሐፊ እሱ ነበር። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርክክቡና የመጀመሪያው ቅነሳ

ኤክስ-ሜንን በ1963 የጀመሩት ስታን ሊና ጃክ ከርቢ ናቸው። ሽያጩ ስላልጠና ከ1970 እስከ 1975 ኮሚኩ ቀድሞ የወጡ ታሪኮችን እየደገመ ይታተም ነበር። በ1975 ጸሐፊው ሌን ዋይንና ሠዓሊው ዴቭ ኮክረም በአንድ ልዩ እትም አዲስ ቡድን አቋቋሙ፦ ከኬንያ የመጣችው ስቶርም፣ ጀርመናዊው ናይትክሮለር፣ ከሶቪየት ኅብረት ኮሎሰስ፣ ከካናዳ ዎልቨሪን፣ የአፓቺው ተወላጅ ተንደርበርድና ሌሎችም። ዋይን ሥራው ስለበዛበት ወዲያው ለቀቀና ኮሚኩ ለወጣቱ ክሌርሞንት ተላለፈ።

አዲስ ጸሐፊ በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ማንን ማስቀረት እንዳለበት ነው። በ1970ዎቹ መገባደጃ የማርቭል ኮሚክ በአንድ ቁጥር የሚይዘው ታሪክ 17 ገጽ ያህል ነበር፤ 22 የደረሰው ከ1980 ወዲህ ነው። በ17 ገጽ ውስጥ ውጊያ አለ፣ ያለፈውን ማስታወሻ አለ፣ ቀጣዩን ማጓጓዣ አለ። ከስድስት ወይም ከሰባት በላይ ቋሚ ሰዎች ካሉ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ አረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ በቁጥር 94 ነባሮቹ አባላት ከመሪያቸው ከሳይክሎፕስ በቀር ተሰናበቱ፤ ጃፓናዊው ሰንፋየርም አብሮ ሄደ። ተንደርበርድ በቁጥር 95 ሞተ። ቁጡነቱ ከዎልቨሪን፣ ጉልበቱ ከኮሎሰስ ጋር ይደራረብ ስለነበር ለብቻው የሚሆን ቦታ አልተረፈለትም። ውሳኔው ለሥራው ትክክል ነበር፤ ሆኖም በቡድኑ ውስጥ ብቸኛው የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ እሱ ስለነበረ ቅነሳው ያለ ዋጋ አልሄደም።

ስቶርም፦ ከአንድ ቁስል የተመዘዘ የዐሥር ዓመት ክር

ክሌርሞንት የተረከባት ስቶርም አየር ንብረት የምታዝዝ፣ እንደ አምላክ የምትመለክ፣ ግርማዋ እንጂ ውስጧ የማይታይ ሴት ነበረች። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ለጸሐፊ ከባድ ነው። መብረቅ የሚያወርድ ሰው ስለምን ይፈራል? የማይፈራ ከሆነስ አንባቢ ስለ እሱ ምን ያሳስበዋል?

መልሱ በቁጥር 102 (1976) መጣ። ስቶርም ልጅ ሳለች በ1956ቱ የስዊዝ ጦርነት ካይሮ ላይ ቤታቸው ተደርምሶ ወላጆቿ ሞቱ፤ እሷ ከእናቷ አስከሬን ጋር ፍርስራሽ ሥር ተቀብራ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ጠባብ ስፍራ ያስጨንቃታል። ይህ አንድ ታሪክ ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ኃይሏን ሳይቀንስ ወሰን ያበጅለታል፤ ጠላት ጎሬ ወይም ዋሻ ውስጥ ካስገባት ትንበረከካለች። በሌላ በኩል ሰማይ ላይ መብረር ለምን እንደምትወድ ያስረዳል። ጥሩ ጭማሪ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ቀድሞ የታየውን ሁሉ ሳይነካ ምክንያት ይሰጠዋል።

የቀጣዩ አካሄድ ደረጃ በደረጃ ነው። ሳይክሎፕስ በ1980 ሲለቅ መሪነቱ ለእሷ ሆነ። በቁጥር 170 (1983) ጓደኞቿን ለማዳን ከከተማ በታች ባሉ ዋሻዎች ከሚኖሩት ከሞርሎኮች መሪ ከካሊስቶ ጋር በጩቤ ተጋጠመችና ወጋቻት። ነፍስ ላለማጥፋት የማለች ሴት ነበረች፤ መሐላዋን ልታፈርስ እንደምትችል ባወቀች ማግስት ደግሞ የቀድሞ ማንነቷ እየጠበባት መጣ። በቁጥር 173 ያንን ረጅም ነጭ ፀጉር ከግራና ከቀኝ ተላጭታ፣ ቆዳ ለብሳ ብቅ ስትል አንባቢ ደነገጠ፤ በታሪኩ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ በላይ የደነገጠችው የቡድኑ ታናሽ አባል ኪቲ ፕራይድ ነበረች። ጸሐፊው ለውጡን ከሚወዳት ሰው ዓይን ማሳየቱ የአንባቢውን ቅሬታ በታሪኩ ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ አድርጎታል። ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል፤ እኔ ግን ከመልኩ ለውጥ ራሱ የበለጠ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በቁጥር 185 (1984) ለሌላ ሰው የታለመ መሣሪያ ኃይሏን ነጠቃት። የተለመደው አሠራር በሁለት በሦስት ቁጥር ውስጥ መመለስ ነው፤ እሷ ግን እስከ 1988 ያለ ኃይል ቆየች። በቁጥር 201 ኃይል ሳይኖራት ሳይክሎፕስን በፍልሚያ አሸንፋ መሪነቷን አጸናች። ያ ድል የሚታመነው ከዚያ በፊት አንባቢ ስትወድቅ፣ ስትማር፣ ስትጠነክር ለዓመት ከመንፈቅ ስላያት ነው። በአንድ ወር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊው ለሚወዳት ያዳላ ይመስል ነበር።

ዎልቨሪን፦ ጥቂት በጥቂት

ዎልቨሪን ሊቀነሱ ከታሰቡት አንዱ ነበር። ኮክረም ልቡ ወደ ናይትክሮለር ነበረ። በቁጥር 108 (1977) ሥዕሉን የተረከበው ጆን በርን በካናዳ ያደገ በመሆኑ ብቸኛውን ካናዳዊ ለማቆየት ጠንክሮ ተከራከረ። አያያዙ ከስቶርም ይለያል፤ ስለ እሱ የሚነገረው በጠብታ ነው። በቁጥር 98 ጥፍሮቹ የጓንት ሳይሆኑ የገዛ አካሉ መሆናቸው ታወቀ። ሎጋን የሚለው ስም በቁጥር 103 ተሰማ። በቁጥር 118 ጃፓንኛ እንደሚያውቅ ባልደረቦቹ ሲደነቁ፣ ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ተረዱ። ሦስት መረጃ፣ ሦስት ዓመት ገደማ። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ጸሐፊዎች ያለፈ ሕይወቱን ጠቅልለው ሲተርኩት ምሥጢሩ ሳሳ።

ማግኒቶ፦ ጠላትን ሰው ማድረግ

የኤክስ-ሜን ቀንደኛ ጠላት ማግኒቶ በ1960ዎቹ ዓለምን ልግዛ የሚል ጯሂ ነበር። ክሌርሞንት ያን ጊዜ የተሠራውን ክፋት አልካደም፤ ከኋላው ምክንያት አስቀመጠለት። በቁጥር 150 (1981) ማግኒቶ በውጊያ መካከል አንዲት ልጅ የገደለ ይመስለዋል፤ ልጅቷ አይሁዳዊቷ ኪቲ ፕራይድ ናት። እዚያው ቆሞ ልጅነቱን በናዚዎች የግድያ ካምፕ በአውሽቪትዝ እንዳሳለፈ ይናገራል። በቁጥር 200 (1985) ለፍርድ ቀረበ፤ ከዚያም የጠላቱን፣ የኤክስ-ሜንን መሥራች የፕሮፌሰር ኤክስን ትምህርት ቤት በኃላፊነት ተረከበ።

የዕድሜ ጉዳይ እዚህ ላይ ተግባራዊ ችግር ይፈጥራል። የኮሚክ ሰዎች አያረጁም፤ የአውሽቪትዝ ዓመታት ግን የተወሰኑ ናቸው። በ1974 በሌላ ኮሚክ ማግኒቶ ወደ ሕፃንነት ተለውጦ ነበር፣ በቁጥር 104 (1977) ደግሞ ጎልማሳ ሆኖ ተመለሰ። ያ ነገር ሲጻፍ ለዚህ አልታሰበም፤ በኋላ ግን በዕድሜ የገፋ መሆን የሚገባው ሰው ጠንካራ አካል እንዴት እንዳለው ማስረጃ ሆኖ አገለገለ። የድሮ ቁጥሮችን ማንበብ የጸሐፊው ግዴታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላው የጣለው ቁራጭ ቀን ይወጣለታል።

አሠራሩ፦ ሴራ፣ ሥዕል፣ ንግግር

በማርቭል አሠራር ጸሐፊው አጭር የታሪክ መግለጫ ይሰጣል፤ ሠዓሊው ወደ ገጽና ወደ ሳጥን ከፋፍሎ ይስለዋል፤ ንግግሩና ገላጭ ጽሑፉ የሚገባው ከሥዕሉ በኋላ ነው። እንግዲህ የአንድን ሰው ፊትና አቋም የሚወስነው ሠዓሊው፣ ቃሉን የሚወስነው ጸሐፊው ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ይታያል። በቁጥር 140 በርን ኮሎሰስን የዛፍ ጉቶ ያለ ችግር ሲነቅል ሣለው፤ የክሌርሞንት ጽሑፍ ግን እየታገለ የሚነቅል አስመሰለው። በርን ይህን ከለቀቀባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ተናግሯል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ይህ ሰው ምን ያህል ብርቱ ነው የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ ሲያገኝ ገጸ ባሕርዩ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው።

ሌላው ደንብ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ኮሚኩን ጨርሶ ለማያውቅ አንባቢ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል የሚለው ነው። ስለዚህ ክሌርሞንት በየቁጥሩ ስምን፣ ኃይልንና ዋናውን የልብ ጭንቀት በንግግር ወይም በሐሳብ ፊኛ ደግሞ ይጽፋል። በወር አንድ ቁጥር ለሚያነብ ሰው ይህ አጋዥ ነበር። ዛሬ ሃያውን ቁጥር በአንድ ጥራዝ ለሚያነብ ግን ይሰለቻል፤ ለማንበብ የሚጀምር ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። የአነጋገር ልዩነትም የሚያዘው በትንሽ ምልክት ነው፦ ናይትክሮለር የጀርመንኛ፣ ኮሎሰስ የሩሲያኛ ቃል ጣል ያደርጋሉ፤ በኋላ ቡድኑን የተቀላቀለችው ሮግ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ዘዬ ትናገራለች። ምልክቱ ከበዛ ሰውየው ይጠፋና ዘዬው ብቻ ይቀራል፤ ይህ በዘመኑ መጨረሻ ገደማ አልፎ አልፎ ደርሷል።

ንዑስ ታሪኮች ደግሞ እንደ ድስት ተራ ይጠብቃሉ። ዋናው ታሪክ አብዛኛውን ገጽ ሲወስድ ሁለተኛው ሁለት ሦስት ገጽ፣ ሦስተኛው አንድ ገጽ ብቻ ያገኛል፤ ዋናው ሲያልቅ ሁለተኛው ወደ ፊት ይመጣል። ተፎካካሪው ዲሲ ኩባንያ ውስጥ ፖል ሌቪትዝ ይህን በሠንጠረዥ ይቆጣጠር ነበር። የክሌርሞንት ድክመት የሚጀምረው ቁጥጥሩ ሲላላ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ እህት ኮሚኮች ሲበዙ አንድ ገጽ ያገኙ ብዙ ክሮች ለዓመታት ሳይነሡ ቀሩ።

ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ

በ1980 ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ የነበረችው የሳይክሎፕስ ፍቅረኛ የጂን ግሬይ ታሪክ ሊያልቅ የታሰበው ኃይሏን አጥታ በሕይወት በመቆየት ነበር። ግን በቁጥር 135 ኃይሏ ከቁጥጥር ወጥቶ ኮከብ ስትውጥ አምስት ቢሊዮን ነዋሪ ያለበት ዓለም ጠፍቷል። ዋና አርታኢው ጂም ሹተር ይህን ያህል ነፍስ አጥፍታ ያለ ቅጣት መሄዷን አልተቀበለም፤ የቁጥር 137 መጨረሻ ተለውጦ ሞተች። የመጀመሪያው ፍጻሜ በ1984 ለብቻው ስለታተመ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። የሹተር ጣልቃ ገብነት በእኛ ሚዛን ታሪኩን አሻሽሎታል፤ በራሷ ፈቃድ የሞተችው ጂን ከተዳከመችው ጂን ትበልጣለች።

ቀጣዩ ትእዛዝ ግን ጉዳት አደረሰ። ክሌርሞንት ለሐዘንተኛው ሳይክሎፕስ ማደሊን ፕራየርን አምጥቶ በቁጥር 175 (1983) ዳረው፤ ሐሳቡ ጡረታ አውጥቶ በሰላም ማኖር ነበር። በ1986 ኩባንያው አምስቱን የመጀመሪያ አባላት የሚያሰባስብ ሌላ ኮሚክ ፈለገ። የሞተችው ጂን እውነተኛዋ እንዳልነበረች ተነገረ፤ እውነተኛዋ ከኒው ዮርክ ጀማይካ ቤይ ሥር ተገኘች። ሳይክሎፕስም ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ሄደ። ክሌርሞንት ተቃውሞ ነበር፤ አልሰሙትም። ከዚያ ወዲያ የሆነው የሁለት ስሕተት ስሌት ነው፦ ጀግናው ባለጌ እንዳይባል ሚስቲቱ ክፉ መሆን ነበረባት፤ በ1989 ማደሊን የጂን ቅጂ ናት ተብላ፣ ጋኔናዊት ሆና ሞተች። ምንም ያላጠፋች ሴት የሌላውን ሰው ስም ለማጽዳት ከፈለች። ሳይክሎፕስም ቢሆን አልዳነም፤ ሚስቱን ጥሎ የሄደበት ገጽ እስከ ዛሬ ይጠቀስበታል።

ጸሐፊ የሌላውን በደል ሊክስ የሚችልበትም መንገድ አለ። የሌላው የማርቭል ጀግኖች ቡድን አባል ካሮል ዳንቨርስ በ1980 በቡድኑ ኮሚክ «አቬንጀርስ» ቁጥር 200 ላይ አእምሮዋን ከተቆጣጠረ ሰው ጋር ስትሄድ ባልደረቦቿ መርቀው ሸኟት። ቀድሞ የእሷን ኮሚክ ይጽፍ የነበረው ክሌርሞንት በቀጣዩ ዓመት በአቬንጀርስ ዓመታዊ እትም ቁጥር 10 መለሳትና እነዚያኑ ባልደረቦች ፊት ለፊት እንድትወቅሳቸው አደረገ። የታተመውን አልሰረዘም፤ ስሙን ጠራው። በዚያው እትም የካሮልን ኃይልና ትዝታ የነጠቀችው ሮግ ተፈጠረች፤ ሮግ በ1983 ወደ ኤክስ-ሜን ስትገባ ያ ጥፋት ከእሷ ጋር ገባ።

ከለቀቀ በኋላ

ክሌርሞንት በ1991 የወጣው ከአርታኢው ቦብ ሃራስና ከሠዓሊው ጂም ሊ ጋር በታሪኩ አቅጣጫ ስላልተስማማ ነው። ከመውጣቱ በፊት ከሊ ጋር የሠራው አዲሱ «ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሰራጨ፤ እሱ ከቁጥር 3 በኋላ አልቀጠለም። ያልተቋጩ ክሮች በሌሎች እጅ ወደቁ። በ2003 ግራንት ሞሪሰን ማግኒቶን ጨካኝ ገዳይ አድርጎ አስሞተው፤ በ2004 የሞተው አስመሳይ እንደነበር የሚያሳየውን ኮሚክ የጻፈው ራሱ ክሌርሞንት ነበር።

የናይትክሮለር ወላጆች ነገር ከሁሉ ረዘመ። ክሌርሞንት በ1980ዎቹ ከሚስቲክ ጋር ዝምድና እንዳለው ፍንጭ ሰጥቶ ነበር፤ መልኳን እንደ ልቧ የምትለውጠው ሚስቲክ አባት፣ ጓደኛዋ ዴስቲኒ እናት እንዲሆኑ ነበር ሐሳቡ። በዚያ ዘመን ማርቭል ይህን አያትምም ነበር። በ1994 ሌሎች ጸሐፊዎች ሚስቲክን እናት አደረጓት። በ2023 ሳይ ስፐሪየር በጻፈው አንድ እትም የቀድሞው ሐሳብ ታተመ፦ እናቱ ዴስቲኒ፣ አባቱ ሚስቲክ።