ስለ ወግ አጥባቂዎችና ስለ ሊበራሎች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአሜሪካ ምርጫ በተቃረበ ቁጥር በደብረ ብርሃን ቡና ቤቶች ክርክሩ ይጦፋል። ልጁ ወይም ወንድሙ እዚያ የሚኖር ሰው ብዙ ነውና ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም፤ አንዱ በስልክ የሰማውን፣ ሌላው በዩቲዩብ ያየውን ይዞ ይመጣና የቆየ ወግና ሥርዓት እንዲጠበቅ የሚሻውን ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን «ለድሃ የማያዝን ባለጠጋ»፣ ለውጥንና መንግሥት ለድሃ የሚያደርገውን ድጋፍ የሚደግፈውን ሊበራል ዴሞክራት ደግሞ «እምነቱን የካደ» ብሎ ይደመድማል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሥዕል መሳሳቱ ብቻ ሳይሆን፣ በዚሁ ልማድ የራሳችንን ሰዎች መፈረጅ መጀመራችን ነው።

«ሪፐብሊካኖች ሀብታሞች፣ ዴሞክራቶች እምነት የለሾች ናቸው»

ዳግላስ አህለር እና ጋውራቭ ሱድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካውያን የሁለቱን ፓርቲዎች ደጋፊዎች ማንነት እንዲገምቱ ጠይቀው ነበር። ተጠያቂዎቹ ከሪፐብሊካኖች መካከል በዓመት ከ250,000 ዶላር በላይ የሚያገኙት በአማካይ 38 በመቶ ይሆናሉ ሲሉ፣ ትክክለኛው ቁጥር ግን 2 በመቶ ገደማ ነበር። ከዴሞክራቶች መካከል የሠራተኛ ማኅበር አባላት 39 በመቶ ይሆናሉ ብለው ሲገምቱ፣ እውነቱ 11 በመቶ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ግምቱ ይበልጥ የሚዛባው ስለ ተቃራኒው ፓርቲ ሲገምቱ ቢሆንም፣ ሰዎች ስለ ራሳቸው ፓርቲም አጋነው ገምተዋል። እምነትን በተመለከተ ደግሞ፣ በጸሎትና ቤተ ክርስቲያን በመሳለም ከሌላው የአሜሪካ ሕዝብ ይልቅ የሚተጉት ጥቁር አሜሪካውያን፣ በአብዛኛው ድምፃቸውን የሚሰጡት ለዴሞክራቶች መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

«ወግ አጥባቂ የሚያስበው ለድሮው፣ ሊበራል የሚያስበው ለነገው ነው»

ይህን አባባል ለመመርመር ከመንዝ የተሻለ ቦታ የለም። የጓሳ ሣር፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙበትን የጓሳን ምድር ለዘመናት የጠበቀው የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ያወጣው ሥርዓት ነው። አባ ቄራ በሚባሉ፣ ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች መሪነት ቦታው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ሕዝቡ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል፤ ሳይፈቀድ የገባ ይቀጣል። ሥርዓቱ በርስት ላይ የቆመ፣ ከአባቶች የተወረሰ፣ በማንኛውም መስፈርት ወግ አጥባቂ የሚባል ነበር፤ ውጤቱ ግን ዛሬ የዓለም ሊበራሎች የሚሟገቱለት የተፈጥሮ ጥበቃ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ይህን ሥርዓትም አናጋው። እዚህ ላይ ለአንዱ ወገን ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ምክንያቱም በአሮጌው ሥርዓት ከርስቱ መሥራች አባቶች ዘር ያልሆነ ሰው በሣሩ የመጠቀም መብት አልነበረውም፤ ለእርሱ አዋጁ ፍትሕ ነበር። ዛሬ ጥበቃው በማኅበረሰቡ ምክር ቤት እንደገና ሲዋቀር ከሁለቱም ወስዷል ብዬ አምናለሁ።

የአሜሪካም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው በሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት በሪቻርድ ኒክሰን ዘመን ነው።

ግለሰብንም ብንወስድ ያው ነው። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም፣ ልጁን በሽማግሌ ጠይቆ የሚድር፣ የአባቱን መሬት ከምንም በላይ የሚያከብር የመንዝ ገበሬ በአሜሪካኖች መስፈሪያ ወግ አጥባቂ ነው። ይኸው ገበሬ የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር መንግሥት እንዲደጉመው፣ ጤና ጣቢያውም ድሃን በነጻ እንዲያክም ሲጠይቅ፣ በዚያው መስፈሪያ ሊበራል ይሆናል። ሰውየው አልተምታታበትም፤ ሁለቱም አሳቦች ከአንድ ኑሮ የወጡ ናቸው።

«ጥላቻው የበረታው የአሳብ ልዩነቱ ስለ ሰፋ ነው»

ከሁሉም ስሕተቶች አደገኛው ይህ ይመስለኛል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1960 ልጃቸው የተቃራኒውን ፓርቲ ደጋፊ ቢያገባ ቅር ይላቸው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ቅር ይለናል ያሉት በሁለቱም ወገን ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከሪፐብሊካኖች ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶች ደግሞ ሲሶ ያህሉ እንደማይደሰቱ ተናገሩ። በእነዚህ ዓመታት የሕዝቡ አቋም በግብር ወይም በጤና ፖሊሲ ላይ በዚያው መጠን አልተራራቀም፤ የተራራቀው አንዱ ለሌላው ያለው ስሜት ነው፤ ተመራማሪዎችም ሁለቱን ለይተው ይለካሉ።

እኛ ግን ይህን ለመረዳት የአሜሪካ መጠይቅ አያስፈልገንም ነበር። ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም ከተማሪዎች እንቅስቃሴ የወጡ፣ ሁለቱም ማርክሳዊ፣ ሁለቱም «መሬት ለአራሹ» ያሉ ድርጅቶች ነበሩ። ያለያያቸው ዋና ጉዳይ ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት በአስቸኳይ ይቋቋም ሲል፣ መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ መስጠት፣ ማለትም እየነቀፉ መደገፍ ይሻላል ማለቱ ነበር። ይህ ልዩነት ቀላል ነበር አልልም፤ ነገር ግን በመቶ ጉዳዮች የሚስማሙ ወጣቶች አንዱ ሌላውን «አናርኪስት»፣ «ባንዳ» እያለ ከጠራ በኋላ መነጋገር አልቻለም፤ የቃላቱ ጦርነት ወደ ጥይት ተሻገረ፤ ቀይ ሽብርም የሁለቱንም ልጆች በላ። መኢሶን ራሱ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከደርግ ሲለይ ተሳዳጅ ሆነ። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም ከአንዱ፣ ሌላው ከሌላው ድርጅት ተሰልፎ ሁለቱንም የቀበሩ እናቶች ነበሩ፤ ልጆቻቸው የተለያዩት በአሳብ ርቀት ነው ብሎ ለእነዚያ እናቶች ማስረዳት አይቻልም።

«የተማረና ዜና የሚከታተል ሰው አይሳሳትም»

እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የተካሄደ ሰፊ ጥናት፣ እያንዳንዱ ወገን በተቃራኒው ወገን ያሉትን ጽንፈኞች ከትክክለኛው ቁጥር እጥፍ ያህል አድርጎ እንደሚገምት አሳይቷል። ዜና አዘውትረው የሚከታተሉት ሰዎች ግምት ከማይከታተሉት ይልቅ የተዛባ ነበር። ከዴሞክራቶች መካከል ትምህርቱ ከፍ ባለ ቁጥር ስሕተቱም ከፍ ብሏል፤ በሪፐብሊካኖች ዘንድ ትምህርት ለውጥ አላመጣም። አንዱ ምክንያት የተማረው ዴሞክራት የሚወዳጀው በአብዛኛው መሰሎቹን መሆኑ ነው። በእኛም ከተሞች ዲግሪ ያለው ሰው ወደ ገጠር ዘመዱ ጋር ወርዶ የማያድር ከሆነ፣ ስለ ገበሬው የሚያውቀው ከፌስቡክ የቃረመውን ነው።

«የሌላውን ወገን ጽሑፍ ማንበብ ብቻ ይፈውሳል»

አይፈውስም። ክሪስ ቤይል የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ ሰዎች ለአንድ ወር በትዊተር የተቃራኒውን ወገን መልእክት እንዲከታተሉ አድርጎ ነበር፤ በዚህም ሪፐብሊካኖቹ ይበልጥ ወግ አጥባቂ ሆኑ እንጂ አልለዘቡም፤ በዴሞክራቶቹ ዘንድ የታየው ለውጥም ትንሽ ነበር። ከፖለቲካ ልሂቃን አፍ የሚወጣ ስብከት ጎረቤትን አያስተዋውቅም።

የሚረዳው ሰውን በሰውነቱ ማየት ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ አንዱ በዳይ ሌላው ተበዳይ ተብሎ አይጀመርም፤ አንደኛው ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል፤ ተራው ሲደርስም ይናገራል። በአሜሪካ ከ32,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሌላ ሙከራ 25 ዘዴዎች ተፈትነው፣ አብዛኞቹ የወገንተኝነት ጥላቻን ቀንሰዋል፤ ውጤታቸው ከጎላው መካከልም የሚያዝን፣ የሚስቅ፣ ልጅ የሚያሳድግ አንድ ተቃዋሚን በቅርብ ማሳየት ይገኝበታል። ሆኖም ጥላቻ መቀነሱ ብቻውን የዴሞክራሲን ሕግ ለመጣስ ያለውን ፈቃደኝነት ሁልጊዜ አልቀነሰም። ያንን ይበልጥ የቀነሰው ሌላ ነገር ነበር፤ ተቃራኒው ወገንም ሕጉ እንዲከበር እንደሚፈልግ ለሰዎቹ በማስረጃ ማሳየት።