ከመኪና ወደ መኪና፦ ሃሎዊን በአሜሪካ የገጠር ከተሞች ቤተ ክርስቲያን

ኦክቶበር ሲገባደድ በብዙ የአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች የቤተ ክርስቲያን የመኪና ማቆሚያ ለአንድ ምሽት የልጆች ገበያ ይመስላል። ምዕመናን መኪኖቻቸውን ጀርባና ጀርባቸው እንዲተያይ አድርገው በሁለት ረድፍ ይደረድራሉ፤ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ከፍተው ያስጌጡታል። አንበሳና ልዕልት፣ እረኛና እሳት አጥፊ የመሰሉ ልጆች ደግሞ ባልዲ ይዘው ከመኪና ወደ መኪና እየዞሩ ከረሜላ ይለቅማሉ። ዝግጅቱ «ትራንክ ኦር ትሪት» ይባላል። ትራንክ ያ ዕቃ መጫኛ ነው፤ ስሙም ልጆች በሃሎዊን ምሽት ከረሜላ ለመጠየቅ በየደጁ ከሚያሰሙት «ትሪክ ኦር ትሪት» (ወይ ስጡን፣ ወይ ጉድ እንሠራችኋለን) ከሚለው ጥሪ በጨዋታ የተቀዳ ነው።

ሃሎዊን የሚለው ቃል ራሱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ የቅዱሳን ዋዜማ ማለት ነው። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉ በዓል በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዘመን ኖቬምበር 1 ላይ ሲረጋ፣ ኦክቶበር 31 ዋዜማው ሆነ። ይሁንና መናፍስትና ጠንቋይ ስለሚነሱበት ስሙን መጥራት የማይወዱ ፕሮቴስታንት ጉባኤያት ጥቂት አይደሉም። እነዚህ በማስታወቂያቸው ላይ «የመከር በዓል» ብለው ይጽፋሉ፤ ቀኑና ከረሜላው ግን ያው ነው።

ልጆቹን ወደ አንድ ቦታ የመሰብሰቡ ሐሳብ ከመኪናው ይቀድማል። በሚኒሶታ የምትገኘው አኖካ እ.ኤ.አ. በ1920 የሃሎዊን ሰልፍ ያዘጋጀችው፣ ላሞችን ዋናው መንገድ ላይ እስከ መልቀቅ የደረሱ ወጣቶችን ከተንኮል ለማቆየት ነበር። በኋላ ፍርሃቱ ተገለበጠ፤ ሰው ለልጆቹ መስጋት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1974 በቴክሳስ አንድ ሕፃን በሃሎዊን ምሽት በተመረዘ ከረሜላ ሞተ። ገዳዩ የመድን ገንዘብ የፈለገው የገዛ አባቱ ቢሆንም፣ በሕዝብ ልብ የቀረው የማይታወቅ ጎረቤት ሥዕል ነው። ጉዳዩን ለዓመታት የመረመሩት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ጆኤል ቤስት፣ ባዕድ ሰው በሰጠው የሃሎዊን ከረሜላ ሕይወቱ ማለፉ የተረጋገጠ ልጅ አላገኙም። በገጠር ግን ከመርዙ ወሬ ይልቅ የሚያሳምነው መንገዱ ነው፦ ቤትና ቤት ይራራቃል፣ የመንገድ መብራትና የእግረኛ መንገድ የለም፣ ምሽቱም ይጨልማል።

ብዙ ጊዜ ከሚታዩት ጌጦች አንዱ የዮናስ ዓሣ ነባሪ ነው። የመጫኛው ጠርዝ ጥቁር ጨርቅ ይለብሳል፣ ከወፍራም ነጭ ወረቀት የተቆረጡ ጥርሶች ከላይና ከታች ይሰካሉ፣ ቀይ ብርድ ልብስ እንደ ምላስ እስከ አስፋልቱ ይዘረጋል። ከረሜላው ያለው ከጉሮሮው ነው፤ ልጁ እጁን ወደ ውስጥ መስደድ አለበት። ትልልቆቹ ሳያመነቱ ይገባሉ፣ የሦስት ዓመቶቹ ግን እናታቸውን ይልካሉ። ደም የተቀባ ልብስና አስፈሪ ጭምብል የሚከለክሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከረሜላው በአብዛኛው ምዕመናን ሳምንታት ቀደም ብለው በከረጢት ያዋጡት ነው።

ነቃፊዎችም አሉት፤ እኔም ከእነሱ ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። በቡሄ ሆያ ሆዬ እያለ ያደገ ሰው ቁምነገሩ ሙልሙሉ ብቻ እንዳልነበረ ያውቃል፦ በር ማንኳኳቱ፣ የጌታውን ስም እያነሱ ማወደሱ፣ ንፉጉንም ደጉንም በየደጁ መለየቱ ነበር። በመኪና ማቆሚያው ማንም በር አይከፍትም፤ ሁሉም አስቀድሞ ከፍቶ ይጠብቃል። በአንጻሩ የዚያች ቤተ ክርስቲያን አባል ያልሆነም ቤተሰብ ሳይጠየቅ ይገባል፣ አዛውንቶችም ከተጣጣፊ ወንበራቸው ሳይነሡ የከተማውን ልጅ ሁሉ ያያሉ።

ዝናብ ከጣለ ዝግጅቱ ወደ አዳራሽ ይገባል። መኪናው ውጭ ቀርቶ ጠረጴዛ ይተካዋል፤ ስሙ ግን ትራንክ ኦር ትሪት እንደተባለ ያመሻል።